የአስፈሪ ልብወለድ ሽፋን አሠራር፦ በትንሽ አቅም ለሚያሳትሙ

የመጀመሪያውን የሆረር ሽፋኔን ስሠራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨለማ ስቀባ ነው የከረምኩት። ደረጃ አለ። ደረጃው ላይ የቆመ ሰው አለ። ከሰውየው ኋላ ደግሞ ምን እንደሆነ በደንብ የማይለይ ሌላ ነገር አለ። ስክሪኔ ላይ ሳየው የራሴን ፀጉር ያቆመው ነበር። ታትሞ ሲመጣ ግን ደረጃም የለም፣ ሰውም የለም፣ ከኋላው ያለውማ ጭራሽ ድራሹ ጠፍቷል። ጥቁር ወረቀት ላይ ነጭ ርዕስ ብቻ ቁጭ ብሏል። ማተሚያ ቤቱ ጋ ደውዬ ልጮህ ስልክ አነሳሁ፤ ቁጥሩን ሳልጨርስ ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ጥፋቱ የኔው ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ለአነስተኛ አሳታሚዎችና መጽሐፋቸውን በራሳቸው ለሚያሳትሙ ደራሲዎች ስሠራ አንድ ነገር ገብቶኛል። የሆረር ሽፋን ሥራው መደበቅ ነው። ግን እናንተ አስባችሁ የደበቃችሁት ነገርና ቀለሙ ወይም የስልኩ ስክሪን የደበቀባችሁ ነገር ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ያስፈራል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ያስከስራል።

መጽሐፉን ሳታነቡ እርሳስ አታንሱ

ይሄን መናገር ራሱ ያሳፍራል፤ ግን ብዙ ሽፋን የሚሠራው ደራሲው በላከው ሁለት አንቀጽ ማጠቃለያ ብቻ ነው። ከማጠቃለያ የሚገኘው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ቤት፣ ጨረቃ፣ ቁራ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው። መጽሐፉን አንብቡት። ስታነቡ የደነገጣችሁበትን ቦታ ብቻ አታስምሩ፤ ጨርሳችሁ ከዘጋችሁት በኋላ ከዓይናችሁ አልጠፋ ያለውን ዕቃ መዝግቡ። ዕቃ ነው ያልኩት። ወንበር፣ ቁልፍ፣ የልጅ ጫማ። ዕቃ በትንሽ ቦታ ይሳላል፣ ከሩቅ ይለያል፣ መጨረሻውንም አስቀድሞ አያወጣባችሁም።

አንድ የሠራሁትን ልንገራችሁና እሱን ይዘን እንሂድ። ታሪኩ፣ የሞተች እናቷ በየሌሊቱ እየመጣች ፀጉሯን ስለምትጎነጉንላት ልጅ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ለማንም የሚመጣው ነበር፤ ልጅቷ መስታወት ፊት ተቀምጣለች፣ ከኋላዋ የእናቷ መንፈስ ቆሟል። ሳልኩት። አያስጠላም፣ ግን እንዲህ ዓይነቱን ሽፋን አይተን አይተን ዓይናችን ደንዝዟል። ሁለተኛው ማበጠሪያ ብቻ ነበር፣ ጥርሶቹ መሃል ጥቁርና ነጭ ፀጉር ተጠላልፎ። ይሄኛው ይሻላል፤ ቢሆንም ማበጠሪያ ለብቻው ዝም ያለ ነገር ነው። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች፣ ሹሩባዋ እስከ ግማሽ ተጎንጉኗል፣ ያልተጎነጎነው ጫፍ ደግሞ ወደ ላይ ተወጥሮ አየር ላይ ቆሟል። የያዘው እጅ የለም።

ጭራቅ የለም፣ ደም የለም፣ መንፈስ የለም። ያየው ሰው ግን እጁን ራሱ ይስለዋል፤ እሱ በልቡ የሚስለው እጅ ደግሞ እኔ ከምስለው በብዙ እጥፍ ይከፋል። እኔ ብስለው አምስት ጣት ያለው አንድ እጅ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሐሳብ አልመጣ ካላችሁ ይሄን ጠይቁ፦ ያ የሚያስፈራው ነገር ከመምጣቱ አንድ ደቂቃ በፊት፣ ወይም ከሄደ አንድ ደቂቃ በኋላ፣ ቦታው ምን ይመስላል? መቀርቀሪያው በውጭ በኩል የተገጠመ የልጆች ክፍል በር። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ወንበር። ለአራት ሰው የቀረበ ገበታና አምስተኛ፣ ተጎትቶ የወጣ ወንበር። ከዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ነው የምትወስዱት። ደራሲው ቤቱም ይግባ፣ ውሻውም ይግባ፣ ጨረቃዋም አትቅር ይላችኋል፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም በሉት።

ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሆነ ከሩቅ ይታወቅ

ሆረር አንባቢ መራጭ ነው። አንዱ አንጀት ሲዘረገፍ ማንበብ ይወዳል፣ ሌላው ደም ካየ መጽሐፉን ይወረውረዋል፣ ጭር ያለ ቤት ውስጥ የሚሰማ ኮቴ ግን አይጠግብም። ሽፋኑ የተሳሳተውን ሰው ከጠራ የሚያተርፈው የተናደደ አንባቢና መጥፎ አስተያየት ነው። ስለዚህ የዘውጉን ምልክት እወቁት። ሰውነት ሲበላሽና ሲለወጥ የሚያሳይ ታሪክ የቆዳና የሥጋ ቀለም ይወዳል፣ ምስሉም እስኪቀፍ ድረስ ቀርቦ ይታያል። ከሰው አቅም በላይ ስለሆነ ግዙፍ ነገር የሚያወራ ታሪክ ስፋት ይፈልጋል፤ ሰው ከታች እንደ ጉንዳን፣ ሌላው ሁሉ ባዶ። የገጠርና የጥንት አምልኮ ታሪክ ደግሞ የእንጨት ቅርጽ ሕትመት የሚመስል ሥዕል፣ ተክል፣ ጠራራ ፀሐይ ይስማማዋል። ነፍሰ ገዳይ በየቤቱ የሚዞርበት ታሪክ ደማቅ ቀለምና ወፍራም ርዕስ ነው። ቀስ ብሎ የሚያስፈራ ታሪክ ባዶ ቦታ ይበዛበታል።

ከመጀመራችሁ በፊት ከእናንተ መጽሐፍ ጋር የሚመሳሰሉ፣ በቅርብ የወጡ ሃያ ያህል ሽፋኖችን ሰብስባችሁ አንድ ገጽ ላይ ደርድሩ። ለመቅዳት አይደለም። አሥራ አራቱ ጥቁርና ቀይ ከሆኑ የእናንተ መጽሐፍ አሥራ አምስተኛ ሆኖ መሃላቸው ሰምጦ እንደሚቀር በዓይናችሁ ታያላችሁ። የራስ ቅል፣ ደም የሚንጠባጠብ ፊደል፣ መስታወት ላይ የታተመ መዳፍ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ አንድ መስኮቱ ብቻ የበራ ቤት፦ እነዚህ አምስቱ ለጊዜው ይረፉ። የግድ ከፈለጋችኋቸው አንድ ነገራቸውን አበላሹት። መስኮቱ ይብራ፣ ግን ቤቱ ጣራ የለውም።

ጨለማን በልክ

አሁን ወደኔ ጥፋት እንመለስ። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን በላዩ የወደቀውን ብርሃን መልሶ ከማንጸባረቅ ሌላ አቅም የለውም። ስክሪን ላይ ጥቁር ግራጫና ጥቁር መሃል የምታዩት ልዩነት ወረቀት ላይ ሲወርድ ይዋጣል። ቀለሙም ወረቀቱ ላይ ትንሽ ይስፋፋልና ጨለማው ከጠበቃችሁት በላይ ይከብዳል። ሌሊት በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የስክሪኑን ብርሃን ጥግ ድረስ ከፍታችሁ የምትሠሩ ከሆነማ አለቀላችሁ፤ እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሥዕሉን ከመጨረሳችሁ በፊት ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩትና ሦስት እርከን ብቻ አድርጋችሁ እዩት፦ ጨለማ፣ መሃከለኛ፣ ብርሃን። እንዲታይ የምትፈልጉት ነገር ከጀርባው ካለው ቢያንስ በአንድ ሙሉ እርከን ካልተለየ አይታይም፣ ተስፋ ቁረጡ። እንዲሸሸግ የምትፈልጉት ደግሞ ሙሉ በሙሉ መጥፋት የለበትም፤ ሰው ሁለተኛ ሲያይ ነው ብቅ ማለት ያለበት። ለእንዲህ ያለው ነገር ከመሃከለኛው ዝቅ ያለ ግራጫ ያዙለት፣ ከዚያ በታች ግን አትውረዱ። ሽፋኑን ልካችሁ የናሙና ቅጂ ሳታዩ እሺ ማለት የሚባል ነገር የለም። ናሙናውን በቀን ብርሃንም በአምፖልም እዩት።

የቀለሙን አሠራርም ልብ በሉ። ስክሪን በአርጂቢ ይሠራል፣ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን፤ ማተሚያ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ፣ የሚነድ የሚመስለው ቀይ፣ ጥልቅ ሰማያዊ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር ይደክማል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ቀይራችሁ ከመደንገጥ መሃል ላይ እየቀየራችሁ ተመልከቱ። ጥቁሩን በጥቁር ቀለም ብቻ ከሞላችሁት ሰፊ ቦታ ላይ የታጠበ ግራጫ መስሎ ይወጣል። አራቱንም ቀለም ጥግ ድረስ ከሞላችሁት ደግሞ ወረቀቱ ይጨቀያል፣ አይደርቅምም። መጽሐፍ በትዕዛዝ የሚያትመው ኢንግራምስፓርክ ለምሳሌ የአራቱ ቀለም ድምር ከ240 በመቶ እንዳያልፍ ይጠይቃል፤ 60 ሳያን፣ 40 ማጀንታ፣ 40 ቢጫ፣ 100 ጥቁር ስትደምሩት ልክ እዚያ ላይ ይቆማል፣ ድምቅ ያለ ጥቁርም ይሰጣል። ማተሚያችሁ ሌላ ከሆነ የሱን ልክ ጠይቁ። ትንንሽ ጥቁር ጽሑፍን ግን በ100 ጥቁር ብቻ ተዉት፤ አራት ቀለም ከተደራረበበት ማሽኑ ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ፊደሉ ጥላ ያወጣል።

ደግሞ ማን ነው ሆረር ጥቁር መሆን አለበት ያለው? የሹሩባዋን ልጅ መጀመሪያ ጥቁር ላይ ነበር ያስቀመጥኳት። ጥቁር ፀጉር በጥቁር ጀርባ። አስቡት። በኋላ ጀርባውን የቆየ የግድግዳ ወረቀት የሚመስል፣ የታመመ ቢጫ አደረግሁት። ሹሩባው ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ነገሩም በጠራራ ቀን የሆነ መሰለና ይበልጥ አስከፋ። ሌሊት የሚመጣ ነገር ይጠበቃል፤ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የሚመጣ ነገር ነው መድረሻ የሚያሳጣው።

ይሄን ችግር የጥንቶቹም ያውቁት ነበር። አርካም ሀውስ የተባለው አነስተኛ የሆረር አሳታሚ በ1939 ሲጀምር የመጀመሪያ መጽሐፉን ሽፋን ሥዕል ያወጣው ከቨርጂል ፊንሌይ ነው። ፊንሌይ የሚታወቀው ጨለማን በነጠብጣብና በቀጭን መስመር በመሥራት ነበር፤ ግራጫ ቀለም አይቀባም፣ ነጥብ ያበዛል ወይም ያሳንሳል። በርካሽ ወረቀት የሚታተሙ መጽሔቶች ላይ ሥዕሉ ሳይጨቀይ የወጣለት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ዛሬም በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ማተሚያውንም የማታምኑት ከሆነ፣ ቀለም የበዛበት ሥዕል ትታችሁ በመስመርና በነጥብ የተሠራ ባለ ሁለት ቀለም ሽፋን ሞክሩ። አይዋጥም፣ ርካሽም አይመስልም።

አንድ ፈተና ይቀራል። ሽፋኑን ስፋቱ 100 ፒክስል እስኪሆን አሳንሱት፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስልክ ላይ፣ አውራ ጣት በምታክል ምስል ነው። የኔ ሹሩባ በዚህ ልክ የሸረሪት ድር ሆኖ ቀረ። ልጅቷን ከወገቧ በላይ ቆርጬ አቀረብኳት፣ ሹሩባውን አወፈርኩት፣ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ እንዲሄድ አደረግሁት። አሁን አንድ ጥቁር ሰያፍ መስመር ቢጫ መሃል ታየ፤ ምን እንደሆነ ባይለይም ዓይን ይይዛል፣ ሰውም ከፍቶ ያየዋል።

ርዕሱ

ጥሩ ሥዕል በመጥፎ ፊደል የተገደለበት ሽፋን ስንት እንዳየሁ! የሚንጠባጠብ፣ የተቧጨረ፣ የተሰነጣጠቀ ፎንት አውርዶ መለጠፍ በጣም ይቀላል፣ ለዚህም ነው የትምህርት ቤት ድራማ ፖስተር የሚመስለው። ሥዕሉ የሚያስፈራ ከሆነ ፊደሉ ይረጋጋ። ሥዕሉ ዝም ያለ ከሆነ ፊደሉ ትንሽ ይጨነቅ። ሁለቱም አንድ ላይ ከጮኹ ማንም አይሰማም።

በፊደላችን ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ጉድ አለ። የላቲን ፊደል ላይ ደም ቢያንጠባጥቡ ፊደሉ ያው ነው። የኛ ግን እግሩ ላይ ነው ድምፁ ያለው። «በር» የሚል ርዕስ ይዛችሁ የ«በ»ን ቀኝ እግር ደም ብታስጎትቱት «ባር» ሆኖ ቁጭ ይላል። ግራ እግሩን ብትጎትቱት «ቦር»። በአሸዋ ወረቀት እንደተፋቀ አድርጋችሁ ብታበላሹት ደግሞ ትንንሾቹ ቅጥያዎች ይጠፉና «ሙ» የነበረው «መ» ይሆናል። ስለዚህ ማበላሸት ካማራችሁ የፊደሉን አናትና ወፍራም ግንዱን አበላሹ፣ እግርና ቅጥያውን አትንኩ። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ስለሌለንም ጉልበት የሚመጣው ከመጠን፣ ከውፍረትና ከክፍተት ነው። እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት ወስዳችሁ ወደ ቅርጽ ቀይሩትና አንዷን ፊደል ብቻ በእጅ አስተካክሉ። አንዷን ብቻ። ወይም ርዕሱን ራሳችሁ በብሩሽ ጻፉትና ስካን አድርጉት፤ ሃያ ጊዜ ጽፋችሁ አንዱ ከወጣላችሁ ከወረደው ፎንት ሁሉ ይበልጣል።

ፎንት ስታወርዱ ፈቃዱን አንብቡ። «ለግል ጥቅም ነጻ» ማለት ለሚሸጥ መጽሐፍ ነጻ ማለት አይደለም። ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ያለበት ከሆነ ለንግድም ይሆናል።

ለርዕሱ የሚሆን ቦታ ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ተዉለት። ካለቀ ሥዕል ላይ የተለጠፈ ርዕስ ሁልጊዜ ያስታውቃል፤ ወይ ፊት ላይ ይወጣል፣ ወይ እንዲነበብ ተብሎ ከኋላው የጥላ ጉም ይደረግለታል። ያ ጉም ካስፈለጋችሁ ቦታው ስህተት ነበር ማለት ነው። በኔ ሽፋን ርዕሱ ሹሩባው ባጋደለበት በኩል ባለው ባዶ ቢጫ ላይ ገባ፣ የደራሲዋ ስም ከታች። ነጭ ቀጭን ፊደል ጨለማ ላይ አታስቀምጡ፤ ዙሪያው ያለው ቀለም ወደ ውስጥ ይገባና ይበላዋል። ወፈር አድርጉት።

ምስሉ ከየት ይምጣ

ገንዘብ ካላችሁ ሰዓሊ ቅጠሩ። ከሌላችሁ ብዙ መንገድ አለ፣ ወጥመዱም ብዙ ነው።

የኔ ምርጫ መጀመሪያ ያረጀ ሥዕል ነው። በብዙ አገር ሠሪው ከሞተ 70 ዓመት ያለፈው ሥራ የቅጂ መብቱ አብቅቷል። ፉስሊ በ1781 የሳለው፣ የተኛች ሴት ደረት ላይ ጉብ ያለውን ፍጥረት የሚያሳየው ሥዕል አለ። ጎያ ከ1819 እስከ 1823 ባለው ጊዜ የቤቱ ግድግዳ ላይ የሳላቸው ጥቁር ሥዕሎች አሉ። በ1543 የታተሙት የቬሳሊየስ የሰውነት ክፍሎች ሥዕሎች፣ ቆዳቸው ተገፎ ገጠር ሜዳ ላይ የቆሙት ሰዎች፣ ለሰውነት ሆረር የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት። ችግሩ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሙሉ ሥዕሉን አታስቀምጡ፤ ጥጉን ቁረጡ፣ አንድ እጅ፣ አንድ እጥፋት ጨርቅ፣ አንድ የፈረስ ዓይን። ኒው ዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎቹን ፎቶ ያለ ገደብ ለቋል፤ ሌሎች ሙዚየሞች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የያንዳንዱን ምስል ፈቃድ ማየት ነው።

ቀጥሎ ራሳችሁ የምታነሱት ፎቶ። ስልክ ይበቃል። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ መብራቱን ከጎን ብቻ አምጡ፣ ከፊት የሚመጣውን ብርሃን ሁሉ አጥፉ። ከሥር የመጣ ብርሃን ግን ልጆች ባትሪ አገጫቸው ሥር ይዘው የሚያስፈራሩትን ነው የሚያስታውሰው፤ እሱን ተዉት። የሹሩባዬ ፎቶ የተነሳው እህቴን አስቀምጬ ሹሩባዋን በዓሣ ማጥመጃ ክር ወደ ላይ አስሬ ነው፤ ክሩን በኋላ አጠፋሁት። አንገቷን አመማት፣ እስካሁን ታነሳብኛለች።

የተዘጋጁ ፎቶዎች ከሚሸጡበት ስትወስዱ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ያንኑ ፎቶ ሌላውም ይገዛዋል፤ አንዲት ሴት በአንድ ዓመት ሦስት መጽሐፍ ላይ ስትሞት አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ፈቃዶች የሞዴሉን ፊት በሚያዋርድ ወይም በሚያሳፍር መንገድ እንዳትጠቀሙበት ይከለክላሉ። ሆረር ውስጥ ነፍሰ ገዳይ ወይም የአእምሮ በሽተኛ አድርጋችሁ ልታቀርቡት ነውና ውሉን አንብቡ። ፊት የማይታይበት ምስል ለፍርሃቱም ለሕጉም ይሻላል።

ኤአይስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ምስልስ? ብዙ ደራሲ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በ2023 አንድ ኮሚክ መጽሐፍ ላይ በሰጠው ውሳኔ በኤአይ የተፈጠሩት ምስሎች ጥበቃ እንደማያገኙ ገልጿል፤ እንዲህ ያለውን ሽፋናችሁን ሰው ቢወስደው እጃችሁ አጭር ነው። ደራሲዎች በራሳቸው የሚያሳትሙበት የአማዞኑ ኬዲፒም መጽሐፉን ስታስገቡ የሽፋን ምስላችሁ በኤአይ የተሠራ ከሆነ እንድታሳውቁ ይጠይቃል። ከዚያ ባለፈ የሆረር አንባቢ ሰዓሊዎቹን በስም የሚያውቅ፣ ለሽፋኑ ሲል መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው ነው። ያገኝባችኋል። እኔ አልጠቀምም።

አከርካሪና ጀርባ

የፊቱ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ይደክመዋል፣ ጀርባውን ጥቁር ቀብቶ ጽሑፍ ይደፋበታል። መደርደሪያ ላይ ግን የሚታየው ጠርዙ ነው፣ አከርካሪው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መጽሐፉ 5.5 በ8.5 ኢንች፣ 300 ገጽ፣ ወረቀቱ ክሬም ነው እንበል። ኬዲፒ ለክሬም ወረቀት በገጽ 0.0025 ኢንች ይይዛል፤ አከርካሪው 0.75 ኢንች ይሆናል። የፊቱ 5.5፣ የጀርባው 5.5፣ አከርካሪው 0.75፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ተርፎ የሚቆረጠው ጠርዝ በየጎኑ 0.125 ሲደመር ስፋቱ ልክ 12 ኢንች፣ ቁመቱ ከላይና ከታች ተጨምሮበት 8.75። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3600 በ2625 ፒክስል ማለት ነው። ወረቀቱን በመጨረሻ ሰዓት ወደ ነጭ ብትቀይሩት ውፍረቱ በገጽ 0.002252 ስለሚሆን አከርካሪው በ2 ሚሊሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ መሃል የነበረው ጽሑፍ ወደ ጎን ሲንሸራተት በግልጽ ይታያል። ስለዚህ የገጹ ብዛት ሳይቆረጥ አከርካሪ አትሥሩ። ደራሲዎች መጨረሻ ላይ ምዕራፍ ይጨምራሉ፤ እወቁት።

ኬዲፒ አከርካሪ ላይ ጽሑፍ የሚፈቅደው ከ79 ገጽ በላይ ሲሆን ነው፣ ከጽሑፉ ግራና ቀኝም 0.0625 ኢንች ክፍት ይተዋል። የጀርባው ታች ቀኝ ጥግ ላይ ለባርኮድ 2 በ1.2 ኢንች ባዶ ቦታ ተዉ። ያን ጥግ የረሳ ሰው ያማረ ዝርዝሩ ላይ ነጭ ሳጥን ተለጥፎበት ያገኘዋል። ለኢ-መጽሐፍ ቁመቱ 2560፣ ስፋቱ 1600 ፒክስል ይመከራል፤ ከወረቀቱ ትንሽ ረዘም ስለሚል ምስሉን አትለጥጡት፣ ከላይና ከታች ትርፍ ሥዕል አስቀሩለት።

ከዚህ ውጭ አከርካሪውን እንደ ሥዕል ቦታ ተጠቀሙበት። የኔ ሹሩባ ከፊት ሽፋኑ ተነስቶ በአከርካሪው አልፎ ወደ ጀርባ ይሻገራል። ጀርባ ላይ ሹሩባው ያልቃል፣ ጫፉ በክር በጥሩ ሁኔታ ታስሯል። ማን እንዳሰረው እንጃ። ጀርባ ጽሑፉን አጭር አድርጉት፣ ጭራቁን ስሙን አትጥሩ።

ስለ ላሚኔሽን፣ ሽፋኑ ላይ ስለሚለበጠው ስስ ፕላስቲክ፦ የማያብረቀርቀው ያምራል፣ ጨለማ ሽፋን ላይ ግን የጣት አሻራና ጭረት ይይዛል። የሚያብረቀርቀው ጥቁሩን ያጠልቀዋል፣ መብራት ግን ይመልሳል። እኔ ጥቁር ለበዛበት የሚያብረቀርቀውን፣ ለቢጫዋ ልጅ የማያብረቀርቀውን መርጫለሁ። ትዕዛዝ ሲመጣ በየቅጂው የሚያትሙት ማተሚያዎች አብዛኛውን ጊዜ የብረት ቀለምና የተነሳ ፊደል አይሠሩም፤ ወርቅ የሚመስል ቡኒ ቀለም ቀብቶ ማስመሰል ደግሞ ከባዶው ይብሳል።

ሰዓሊ ስትቀጥሩና ከደራሲ ጋር ስትከራከሩ

ለሰዓሊው አንድ ገጽ ጻፉለት። የታሪኩ ስሜት፣ ዕቃው፣ ፈጽሞ መታየት የሌለበት ነገር፣ የወደዳችሁት ሦስት ሽፋንና የጠላችሁት አንድ፣ መጠኑ፣ ለርዕስ የሚተወው ቦታ፣ ቀኑ። ከዚያ ሥራውን ተዉለት። ሦስት ትንንሽ ንድፍ አሳዩኝ በሉ፣ በንድፉ ላይ ተስማሙ፤ ካለቀ በኋላ «ልጅቷ ብትዞርስ» ማለት ነውር ነው። ውሉ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ሥራው ቢሰረዝ ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ለወረቀት ብቻ ነው ወይስ ለኢ-መጽሐፍ፣ ለድምፅ መጽሐፍና ለማስታወቂያ ጭምር እንደሆነ ይጻፍ። ስሙን መጽሐፉ ውስጥ አስፍሩ።

ደራሲው ጭራቁ ይታይ ካለ፣ እሺ በሉና ሁለት አድርጋችሁ ሥሩ፣ ጭራቁ ያለበትና የሌለበት። ሁለቱንም በ100 ፒክስል አሳንሳችሁ መጽሐፉን ላላነበቡ አምስት ሰዎች አሳዩና «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛው ያምራል አትበሉ። ጭራቁ ያለበትን ያዩት ስለ ጭራቁ ያወራሉ። የሌለበትን ያዩት ታሪክ መፍጠር ይጀምራሉ። እስካሁን የተከራከረኝ ደራሲ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ትክክል ነበር፤ ጭራቁ የሚያሳዝን እንጂ የሚያስፈራ አልነበረም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሽፋኑን በትክክለኛ መጠኑ አትማችሁ፣ ያላችሁን አንድ መጽሐፍ አልብሱትና መደርደሪያ ላይ ከሌሎች መሃል አቁሙት። ሁለት ቀን ይቆይ። ስታልፉ እዩት እንጂ አትፍጠጡበት። የቢጫዋን ልጅ ሳሎን አቁሜያት በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ መጽሐፉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሯል። ማን አዞረው ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ። «ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ሹሩባው የተነቃነቀ መሰለኝ።»

ፋይሉን ያን ዕለት ላክሁት።